የጂኦግራፊና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ ኮረብታውስ ሞልቶናል

የክበባችን ዓመት እንደ ሌሎቹ ክበባት በስብሰባ ተጀመረ። ሥራ አስፈጻሚ ተመረጠ፣ ዕቅድ ተነበበ፣ በሰልፍ ሰዓት ስለ ውኃ አያያዝ ጽሑፍ ቀረበ። የችግኝ ጣቢያው ደህና ነው፤ ወይራው ከጽዱ በተሻለ ጸድቋል። ስለነዚህ ይህን ካልሁ ይበቃል።

የዓመቱ ቁም ነገር ከአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ የመጣ ነው። በአንድ የክበብ ስብሰባ ሲንጋፖር ውስጥ የኮረብታ መናፈሻዎችን በድልድይ እያያያዘ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚዘልቅ የእግረኛ መንገድ አወራኋቸው። ሄንደርሰን ዌቭስ የሚባለው ድልድይ 274 ሜትር ይረዝማል፤ ከአውራ ጎዳናው 36 ሜትር ከፍ ብሎ የፌበርን ኮረብታ ከጎረቤቱ ከቴሎክ ብላንጋ ያገናኛል። ለሕዝብ የተከፈተው በእኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ነው። ልጁ እጁን አወጣና፣ "የእነሱ ትልቁ ተራራ ስንት ሜትር ነው?" አለ። ቡኪት ቲማ 160 ሜትርን ጥቂት ቢያልፍ ነው ስላቸው ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተወልዶ ጦሳን ቀና ብሎ እያየ ያደገ የደሴ ልጅ ይህን ተራራ በሉት ቢሉት አይዋጥለትም። ሳቁ ሲበርድ ልጁ፣ "ታዲያ መንገዱ ለምን የእነሱ ሆነ?" ሲል ጨመረ።

ክረምቱ እንደ ወጣ፣ የወላጅ ፈቃድ ተሰብስቦ፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከፒያሳ ተነሥተን በጦሳ ጎን ሽቅብ ተያያዝነው። ደንባችን አንድ ነበር፦ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው ስናልፍ ወደ አስፋልት መውረድ ግድ ባለን ቁጥር ቦታው ይመዘገባል። መዝጋቢዎቹ ሥራ አልፈቱም። ጉብታዎቹ ከሩቅ ሲያዩአቸው የተያያዙ ይመስላሉ፤ ሲጠጉ ግን ወደ ቦርከና የሚወርዱት ጅረቶች የቆፈሩት ቦረቦር መሃላቸው ተጋድሟል። ባሕር ዛፉም ጥላ ይሰጣል እንጂ ከሥሩ ሣር ስለማይበረክት የክረምቱ ጎርፍ የተራቆተውን አፈር ይዞት ይወርዳል።

የቁልቁለቱን ልክ የወሰዱት በፕሮትራክተር፣ በሲባጎና በጠጠር ነው። ነፋሱ ጠጠሯን እያወዛወዘ አላስነብብ ሲል አንዷ ነጠላዋን ዘርግታ ከለለች፣ ሌላዋ አንብባ ጻፈች። ይህን ሁሉ የደከሙት ያለ ነገር አይደለም። በሲንጋፖሩ መንገድ ላይ በዛፎች መካከል ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ 1.3 ኪሎ ሜትር የብረት መተላለፊያ አለ፤ ተዳፋቱ ለተሽከርካሪ ወንበር እንዲመች ተደርጎ ለስልሷል። ለዚህ የተለመደው ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው፤ አምስት ዲግሪ አይሞላም። በእኛ ሽቅብ ይህን የሚያሟላ ቦታ ፈልገን አጣን። መንገዱን የከፈተው እግር እንጂ መሐንዲስ አይደለማ።

ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናት አገኘንና ልጆቹ፣ "እማማ፣ ቁልቁለቱ አያስቸግርዎትም?" አሏቸው። "ቁልቁለቱስ ደግ ነው ልጆቼ፤ የሚገድለኝ ማዶ ለመድረስ መዞሩ ነው" ብለው ሸክማቸውን አስተካክለው አለፉ። የዕለቱን ሪፖርት ከእኔ አሳጥረው ተናገሩት።

ቆሎና ዳቦ ይዘን ዐረፍ ካልንበት ከተማዋ ከታች ተዘርግታ፣ አዝዋ ገደል ከፊት ለፊት ቆሞ ይታያል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አይጠየፍ አዳራሽ ቀድሞ ለማየት የተደረገውን ፉክክር አልተርክም። ክርክሩ የጦፈው ግን በድልድይ ላይ ነው። ግማሾቹ እንደ ሲንጋፖሩ ያለ ግዙፍ ይሁንልን አሉ። እኔ አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። ደሴ የመሬት መንሸራተት የማያጣት ከተማ ናት፤ አፈሩ ሳይያዝ ትልቅ ምሰሶ ማቆም ምን ይፈይዳል? መጀመሪያ ቦረቦሩ በጋቢዮን (ድንጋይ በተሞላ የሽቦ ቅርጫት) እና በአገር በቀል ዛፍ ይገታ፤ ከዚያ እኚያን እናት ከነሸክማቸው የሚያሻግር ጠባብ የእግረኛ ድልድይ በየቦታው ይሠራ። ልጆቹ "መምህር ሕልም ይቆጥባሉ" ብለው አሙኝ።

መንገዱ የሚቋረጥባቸውን ቦታዎች በቀይ ነጥብ ያመለከተው ካርታ ቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ተሰቅሏል። ንባባችን ያልተጣጣመባቸውን ተዳፋቶች በሚመጣው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ዳግመኛ እንለካለን። መመዝገብ የምትፈልጉ የክበቡን ጸሐፊ አነጋግሩ፤ ሶሉ ያለቀ ጫማ ያደረገ ግን ከበር ይመለሳል።