የታሪክና የሥነ ሕዝብ ክበብ የዓመቱ ሥራ፦ የዘጌን ሕዝብ ፍለጋ

ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ነው። ባለፉት ዓመታት በየወሩ ርእስ እየቀያየርን፣ አንዱንም ሳናጠግብ እናልፍ ነበር። በመስከረም ወር የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ግን አባላቱ ራሳቸው ከባሕር ዳር ሆነው በሐይቁ ማዶ ዘወትር የሚያዩትን የዘጌን ደን አንሥተው፣ እዚያ ስንት ሰው እንደሚኖርና ሕዝቡ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ጠየቁ። መልሱን በአንድ ሳምንት አግኝተን ወደ ሌላ ርእስ የምንሻገር መስሎኝ ነበር። ጥያቄው ግን እስከ ሰኔ አልለቀቀንም።

ዘጌ በጣና ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ወደ ውኃው ዘልቆ የገባ፣ በደን የተሸፈነ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በየብስ ከባሕር ዳር ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በሞተር ጀልባ ሲሆን ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይፈጃል። በደኑ ውስጥ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም፣ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና ይጋንዳ ተክለ ሃይማኖትን የመሳሰሉ ጥንታውያን አድባራትና ገዳማት ይገኛሉ። ገበያውና አብዛኛው ሱቅ ያለው አፋፍ በምትባለው መንደር ነው። በአስተዳደር ረገድ ዘጌ፣ ከመሸንቲና ከጢስ ዓባይ ጋር፣ በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ካሉት አነስተኛ ከተሞች አንዷ ናት።

የመጀመሪያው መሰናክል የገጠመን እዚሁ ላይ ነው። ተማሪዎቹ የ1999 ዓ.ም.ን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ውጤት ሲያገላብጡ፣ ለባሕር ዳር ሦስት የተለያዩ አኃዞች አገኙ። የከተማዋ ነዋሪ 155,428፣ ከተማዋን፣ በዙሪያዋ ያሉትን አነስተኛ ከተሞችና የገጠር ቀበሌዎች የያዘው የባሕር ዳር ልዩ ዞን የከተማ ነዋሪ በጠቅላላ 180,174፣ የልዩ ዞኑ ሕዝብ በሙሉ ደግሞ 221,991 ተብሎ ተመዝግቧል። ከዚህ የመጨረሻው አኃዝ 108,456ቱ ወንዶች፣ 113,535ቱ ሴቶች ናቸው። ከአባላቱ አንዳንዶቹ ከሦስቱ ሁለቱ ስሕተት መሆን አለባቸው ብለው ተከራከሩ። ሦስቱም ትክክል መሆናቸውንና የሚለያያቸው የተሰመረላቸው ወሰን ብቻ መሆኑን ለማሳየት ሰሌዳው ላይ ሦስት ክቦችን አንዱን በሌላው ውስጥ መሣል አስፈልጎኛል። ከዚያ በኋላ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ፣ ዘጌ በየትኛው ክብ ውስጥ እንደምትገኝ ጠየቀች። ክበቡ ዓመቱን ሙሉ የሠራው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ምክንያቱም የዘጌ ቀበሌዎች ቀድሞ በባሕር ዳር ዙሪያ ወረዳ ሥር የነበሩ፣ በኋላ ወደ ከተማው አስተዳደር የተጠቃለሉ በመሆናቸው፣ አንድም ሰው ከቤቱ ሳይነቃነቅ የሚቆጠርበት መዝገብ ተለውጧል።

በኅዳር ወር የከተማዋን ዕድገት ማስላት ጀመርን፤ የትንሿ መንደር ዕጣ በአጠገቧ ካለችው ትልቅ ከተማ ዕድገት ተለይቶ ሊታይ አይችልምና። ባሕር ዳር በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 54,800፣ በ1987 ዓ.ም. ደግሞ 96,140 ነዋሪ ነበራት። የአሥራ አንደኛ ክፍል አባላት ዓመታቱን በቀላሉ በመቀናነስ በመጀመሪያው ዘመን በዓመት 5.2 በመቶ፣ ከ1987 እስከ 1999 ዓ.ም. ባለው ደግሞ 4.1 በመቶ ዕድገት አገኙ። ሆኖም የመጀመሪያው ቆጠራ በግንቦት፣ ሁለተኛው በጥቅምት፣ ሦስተኛው እንደገና በግንቦት የተካሄደ ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ያለው ጊዜ 11 እና 12 ዓመት ሳይሆን 10 ዓመት ከ5 ወር እና 12 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ነው። ስሌቱ ሲታረም ዕድገቱ 5.5 እና 3.9 በመቶ ሆነ፤ የሁለቱ ዘመናት ልዩነትም ከታሰበው ሰፋ። ወሩን መርሳት ይህን ያህል እንደሚያሳስት አባላቱ በገዛ እጃቸው ስላዩት፣ ከዚያ ወዲህ ቀን ያልተጻፈበትን አኃዝ አንድም ተማሪ ወደ ማስታወሻ ደብተሩ አላስገባም።

የዘጌ ታሪክ ከአኃዙ ይልቅ ሀብታም ሆኖ አግኝተነዋል። በአካባቢው ትውፊት መሠረት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለበት፤ በዚያው ኪዳንም በባሕረ ገቡ መሬት ላይ በሬ ጠምዶ ማረስና ከብት ማርባት ክልክል ሆነ። ትውፊቱን እንደ ትውፊት ተቀብለን፣ ውጤቱን ግን እንደ ታሪክ መረመርነው። የማያርስ ሕዝብ እህሉን ከውጭ መግዛት ግድ ይሆንበታል፤ እህል ለመግዛት ደግሞ የሚሸጥ ቡናና ጌሾ፣ እንዲሁም ሐይቁን የሚያሻግር ታንኳ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ዘጌ ደን ውስጥ የተሸሸገች ብትመስልም ከጥንት ጀምሮ ከገበያ ጋር የተሳሰረች፣ ያለ ገበያ አንድ ወቅት እንኳ መዝለቅ የማትችል መንደር ነበረች። በሌሎች የጣና ዳርቻዎች ደን ለእርሻ ሲመነጠር የዘጌው የቆመውም ማረሻ ስላልገባበት ነው። ቡናው ጥላ ይፈልጋል፤ ጥላውን የሚሰጡት ብርብራው፣ ዋንዛውና ሌሎቹ ነባር ዛፎች ናቸው።

የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረግነው በታኅሣሥ ነበር። ጀልባው ከወደቡ እንደተነሣ ነፋሱ በረታ፤ ቀዛፊው መመለስ ይሻላል ስላሉን ተመልሰን በሳምንቱ ሄድን። በዚያ ጉዞ ካየሁት ሁሉ የማይረሳኝ አንድ ታንኳ ነው። ከደንገል የተሠራች፣ ማገዶ እስከ አፍዋ የተጫነባት፣ ሁለት ሴቶች የሚቀዝፏት ታንኳ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ በአጠገባችን አለፈች። ከኋላ የተቀመጠችው ሴት በየጥቂት ቅዝፊያው በጣሳ ውኃ ትጨልፍ ነበር። ተማሪዎቹ ዝም ብለው ተመለከቱ። ስለ ታንኳና ስለ ገበያ በክፍል ውስጥ ለሁለት ሳምንት የተናገርኩት ሁሉ ያን ያህል አልገባቸውም ነበር ብዬ አምናለሁ።

በመንደሩ የተማርነው ትልቁ ነገር ዕድሜ መጠየቅ ነው። ተማሪዎቹ አረጋውያኑን ዕድሜያቸውን ሲጠይቁ የሚያገኙት መልስ ሰባ፣ ሰባ አምስት፣ ሰማንያ የሚል ነበር፤ ሰባ ሦስት ወይም ሰባ ስምንት ያለ ሰው አላጋጠማቸውም። ይህ የዘጌ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ የልደት ምዝገባ ባልተለመደበት ሁሉ ሰው ዕድሜውን ወደ አምስትና ወደ ዜሮ ያጠጋጋል፤ የአገራችን ቆጠራዎችም ይህንኑ ያሳያሉ። ባለሙያዎች ይህን ለማረም ሰውየውን ዓመት ሳይሆን ክስተት ይጠይቁታል። እኛም እንዲሁ አደረግን። አንዲት እናት የበኩር ልጃቸው ዕድሜ አርባ ይሁን ሃምሳ እንደማያውቁ ነገሩን። ጃንሆይ ሲወርዱ ልጁ ተወልዶ ነበርን ተብለው ሲጠየቁ ግን ወዲያው፣ እሳቸው በወረዱበት መስከረም ልጁ ገና ይድህ እንደነበር መለሱ። መስከረም 1967 ዓ.ም. ሲድህ የነበረ ሕፃን በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ወይም አጋማሽ እንደተወለደ የአሥረኛ ክፍሉ ጸሐፊያችን በቁሙ አስልቶ ነገራቸው። እናቲቱም የልጃቸውን ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ በቁጥር ሰሙ፤ ጽፎ እንዲሰጣቸውም ጠየቁት።

ስለ ሕዝቡ አመጣጥ ስንጠይቅ ከባዱን የታሪክ ምዕራፍ ልናልፈው አልቻልንም። በ19ኛው ምእተ ዓመትና እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ የዘጌ ባለ ቡናዎች ሥራቸውን ያሠሩ የነበረው በአብዛኛው በባርነት ከሩቅ አገር በመጡ ሰዎች ጉልበት እንደነበር የታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከተሻረ በኋላ ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ፤ ልጆቻቸውም የመንደሩ ልጆች ሆኑ። ይህን በክበቡ ውስጥ ስናነሣ ከባድ ውይይት ተደረገ። አንዳንድ አባላት የየቤተሰቡ የዘር ሐረግ ተመዝግቦ ይቀመጥ አሉ። እኔ አልፈቀድኩም፤ ዛሬም ትክክል ነበርኩ ብዬ አስባለሁ። የአንድ ሰው ቅድመ አያት በባርነት መያዙ የዚያ ሰው ነውር አይደለም፤ ይሁን እንጂ ጎረቤት የሚያነብበት መዝገብ ላይ ስም ማስፈር ክበባችን ሊወስደው የሚገባ መብት አይደለም። ታሪኩን በሙሉ ጻፍን፤ ስም አልጻፍንም። የዘጌ ሕዝብ ቁጥር በልደት ብቻ ያደገ አለመሆኑን፣ በግድ የመጡ ሰዎች እንባና ላብ ያለበት መሆኑን ሳይናገሩ የመንደሩን ታሪክ መጻፍ ግን አይቻልም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ለማስቀመጥ ያህል፣ የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በሌላው አገር እንዳደረገው ሁሉ እዚህም የቀድሞውን የባለ መሬትነት ሥርዓት አፍርሷል። አፋፍ ላይ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ይኖራል፤ ይነግዳልም። በ2007 ዓ.ም. የጣና ሐይቅና አካባቢው በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። የጀልባ ቀዛፊዎች ኑሮ ገዳማቱን ለማየት በሚመጣው ጎብኚ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ወጣቱ ግን ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ባሕር ዳር ያቀናል፤ በመንደሩ ካነጋገርናቸው ወላጆች አብዛኞቹ ከተማ ውስጥ ቢያንስ አንድ ልጅ እንዳላቸው ነግረውናል።

የዓመቱን ጉድለታችንን መግለጽም ተገቢ ነው። የገዳማቱን የብራና መጻሕፍት ለማየት ስንጠይቅ ያሳዩን ቢሆንም፣ ጽሑፉ ግዕዝ በመሆኑና ከአባላቱ ግዕዝ የሚያነብ አንድ ብቻ በመገኘቱ ብዙ አልተጠቀምንም። በአገራችን ጥንታውያን አድባራት የመሬት ስጦታና የውል ቃል በወንጌሉ ባዶ ገጽና ጠርዝ ላይ የመጻፍ ልማድ ስለነበረ፣ የመንደርን የጥንት ነዋሪ ለሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ሰነድ ከየትኛውም ይበልጣል። ከአንድ መሥሪያ ቤት የቀበሌውን ሕዝብ ብዛት ጠይቀን፣ በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት የማይጣጣሙ ቁጥሮች በቃል ተሰጥተውናል፤ ቀንና ምንጭ ስላልነበራቸው ሁለቱንም አልመዘገብናቸውም። አራተኛው አገር አቀፍ ቆጠራ በተደጋጋሚ ከተላለፈ በኋላ በ2011 ዓ.ም. እንደገና በመራዘሙ፣ በመላ አገሪቱ ሰው በሰው የተቆጠረበት የመጨረሻ ጊዜ 1999 ዓ.ም. ነው፤ ከአባላቶቻችን አብዛኞቹ ያን ጊዜ ገና አልተወለዱም። ከዚያ ወዲህ የሚወጡት አኃዞች ትንበያዎች ናቸው። ትንበያ ለወረዳና ለከተማ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ዘጌን ለምታህል ስፍራ ግን አንድ የተሰደደ ቤተሰብ እንኳ ሚዛኑን ያዛባል።

ክበቡ ያዘጋጀው መዝገብ አራት ክፍሎች አሉት። እነርሱም የቆጠራ አኃዞች ከነቀናቸውና ከነወሰናቸው፣ የአረጋውያን ቃል፣ የአፋፍና የአድባራቱ በእጅ የተሣለ ካርታ፣ እንዲሁም ዕድሜን በክስተት ለመጠየቅ ያዘጋጀነው ሰንጠረዥ ናቸው። የዘጌ የራሷ የሕዝብ ብዛት የሚጻፍበት ዓምድ ተሰምሮ ባዶውን ተቀምጧል። መዝገቡን በሰኔ ወር ለቤተ መጻሕፍታችን ያስረከብን ሲሆን፣ አንድ ቅጂ በአፋፍ ለሚገኘው ትምህርት ቤት ልከናል። ግዕዝ ለመማር ስማቸውን ያስመዘገቡ ስድስት አባላት ከመጪው መስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ይማራሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት ሥራም ዘንድሮ ካልደረስንበት ከይጋንዳ በኩል ይጀምራል።