ሚኒ አፑ በመሃል ለምን ይዘጋባችሁ እንደነበር

ውድ ደንበኞቻችን፣

በሚኒ አፑ፣ ማለትም በቴሌግራም ቦታችን ውስጥ በሚከፈተው የትእዛዝ ገጽ፣ ትእዛዝ እየሞላችሁ ሳለ «ክፍለ ጊዜዎ አብቅቷል» የሚል ጽሑፍ እየመጣ የጻፋችሁት ሁሉ ይጠፋባችሁ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ነግራችሁናል። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ምክንያቱንም ልታውቁት ይገባል።

ቴሌግራም ላይ ከቦት ውስጥ ሚኒ አፕ ሲከፈት፣ የከፈተው ማን እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደከፈተ የሚገልጽ ፊርማ ያለበት መረጃ ለገጹ ይሰጠዋል። ሰርቨራችን ፊርማውን በቦቱ ቶከን (የቦቱ ሚስጥራዊ ቁልፍ) አመሳክሮ ያስገባችኋል። ይህ መረጃ ግን ሲከፈት አንዴ ይሰጣል እንጂ ገጹ ክፍት ሆኖ ቢቆይም አይታደስም። እኛ ደግሞ ገጹ ለሰርቨራችን ጥያቄ በላከ ቁጥር ያንኑ እያየን፣ ከተከፈተ 1 ሰዓት ያለፈውን ሁሉ አንቀበልም ነበር። ስልክ አናግራችሁ ስትመለሱ ተዘግቶ የጠበቃችሁ ለዚህ ነው።

አሁን ፊርማውን የምናየው መግቢያው ላይ ብቻ ነው። ከዚያ የራሳችንን የ15 ደቂቃ ቶከን (ጊዜያዊ የይለፍ ምልክት) እንሰጣለን፤ እየሠራችሁ እስካላችሁ ድረስ አፑ ራሱ ያድሰዋል። ወደ ሌላ አፕ ሄዳችሁ ስትመለሱም እንዲሁ። የጀመራችሁት ጽሑፍ በቴሌግራም የደመና ማከማቻ ስለሚቀመጥ አይጠፋም፤ አንዱ መዝገብ እስከ 4096 ፊደል ይይዛል፣ ለትእዛዝ ቅጽ ከበቂ በላይ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «በየደቂቃው ምልክት እየላከ ሴሽኑን (ክፍለ ጊዜውን) ሁልጊዜ ክፍት የሚያደርግ ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) አለ፤ ለምን አትጠቀሙም?» ብላችሁናል። ምልክቱ እውነት ነው፤ ሚኒ አፑ በአንዳንድ መንገድ ሲከፈት የቴሌግራም አፕ ራሱ ተጠቃሚው እንዳልወጣ በየ60 ሰከንዱ ለቴሌግራም ሰርቨር ያሳውቃል። ነገር ግን የሚጠብቀው በገጹና በቻቱ መካከል ያለውን ግንኙነት እንጂ የእኛን ቶከን አይደለም። ይህን በስክሪፕት ለመሥራት ደግሞ የአንድ ሰው የቴሌግራም አካውንት ሌላ ማሽን ላይ መግባት አለበት፤ ያንን የያዘ ሰው መልእክቶቻችሁን ማንበብ፣ በስማችሁም መጻፍ ይችላል። ስለዚህ አንሠራውም። እባካችሁ እናንተም የመግቢያ ኮዳችሁን እንዲህ ያለ አገልግሎት እንሰጣለን ለሚሉ ሰዎች አትስጡ።

ለ12 ሰዓት ካልነካችሁት ግን አሁንም እንደገና ክፈቱ ይላችኋል። ስልካችሁ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ ትእዛዞቻችሁ ክፍት ሆነው እንዳይገኙ ብለን ሆን ብለን የተውነው ነው።

ለውጡ በሁሉም ቦቶች ላይ ተጭኗል፤ አፑን አንዴ ዘግታችሁ ክፈቱት። ከዚያ በኋላም በመሃል ካስወጣችሁ፣ ሰዓቱንና የስልካችሁን ዓይነት በዚያው ቦት ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴክኒክ ክፍሉ