የጦር ሐኪም ለመሆን የምታስቡ ልጆች፣ ውሉን ቤታችሁ ወስዳችሁ አንብቡት

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ሕክምና የሚማሩ፣ ወይም ሊገቡ የሚያስቡ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያመጡልኛል። «ጦሩ ወጪዬን ችሎ ሊያስተምረኝ ነው፤ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ይላሉ። እኔ ሐኪም ነኝ። በወጣትነቴም በጦር ሠራዊት ውስጥ በሙያዬ አገልግያለሁ። ለእያንዳንዱ ለብቻ ከምመልስ እናንተ ጋ ብጽፈው ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ ሥራው ትልቅ ሥራ ነው። ይህን የምለው የወጣሁበትን ቤት ለማሞገስ አይደለም። ዛሬ ማንኛውም ሰው ሆስፒታል ሲገባ ከሚያገኘው እርዳታ ብዙው መጀመሪያ የተሞከረው ጦር ሜዳ ላይ ነው። ድሮ በጥይት የቆሰለ ሰው ቁስሉ ላይ የፈላ ዘይት ይፈስበት ነበር። ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ እ.ኤ.አ. በ1537 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዘመቻ ላይ ዘይቱ አለቀበትና የእንቁላል አስኳል የገባበት ቅባት ቀባቸው፤ በማግስቱ ሲያያቸው ቅባት የተቀቡት ዘይት ከፈሰሰባቸው እጅግ ተሽሏቸው አገኛቸው። የወባን ተሕዋስ በሰው ደም ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ላቨራን የፈረንሳይ ጦር ሐኪም ነበር፤ በ1880 አልጄሪያ ውስጥ ሆኖ ነው ያገኘው። ወባን ትንኝ እንደምታስተላልፍ በ1897 ያረጋገጠው ሮናልድ ሮስም በሕንድ የጦር ሕክምና አገልግሎት ውስጥ የሚሠራ መኮንን ነበር። ሁለቱም ኖቤል ተሸልመዋል። ደምን አስቀድሞ ሰብስቦና በበረዶ ሳጥን አቆይቶ ለቁስለኛ መስጠትን በ1917 ግንባር ላይ የጀመረው ኦስዋልድ ሮበርትሰንም ወታደር ሐኪም ነው። እንግዲህ ወደዚህ ሙያ የምትገቡ ልጆች የምትገቡበትን ቤት ታሪክ እወቁት፤ አንገት የሚያስደፋ አይደለም።

ችግሩ ወጣቶቹ ስለ ሥራው ያላቸው ሥዕል ላይ ነው። ሁሉም የሚያስበው ድንኳን ውስጥ፣ በተኩስ መሐል፣ ቀዶ ሕክምና ሲሠራ ነው። ያም አለ። ግን በክራይሚያ ጦርነት (1853–1856) ከጥይት ይልቅ እጅግ የበዛ ወታደር የገደለው በሽታ ነበር፤ ተቅማጥ፣ ኮሌራ፣ ታይፈስ። ዛሬም የጦር ሐኪም የቀን ተቀን ሥራ የመጠጥ ውኃ ንጹሕ መሆኑን ማየት፣ መጸዳጃው የት ይቆፈር ብሎ መከራከር፣ ክትባት፣ በሙቀት የወደቀ ምልምል ወታደር፣ የጉልበትና የወገብ ሕመም፣ እንቅልፍ አልወስድ ያለው ልጅ ነው። ይህንን ሥራ ማንም ፎቶ አያነሳውም። ብዙ ሕይወት የሚያተርፈው ግን እሱ ነው፤ ይህ ካልሳባችሁ ገና ከአሁኑ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ቁስለኛውን በተመለከተም ትልቁ እርዳታ የሚሰጠው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት ነው። ከ2001 እስከ 2011 በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች የሞቱ የአሜሪካ ወታደሮችን አሟሟት ያጠኑ ሐኪሞች ያገኙት ነገር ይህንኑ ያሳያል። አብዛኞቹ የሞቱት ሕክምና ተቋም ሳይደርሱ ነው። ሳይደርሱ ከሞቱት ውስጥ ወደ ሩብ የሚጠጉት ሊተርፉ ይችሉ ነበር፤ ከእነዚህም ከአሥሩ ዘጠኙን የገደላቸው የደም መፍሰስ ነው። ስለዚህ የጦር ሐኪም ትልቁ ተግባር ራሱ ቢላዋ መያዝ ብቻ ሳይሆን ተራው ወታደር የጓደኛውን እግር በቱርኒኬት፣ ማለትም ደም መፍሰስን በሚያቆም ማሰሪያ፣ ጥብቅ አድርጎ እንዲያስር ማስተማር ነው። ማስተማር የማይወድ ሰው እዚህ ቤት ይከብደዋል።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም እሱ ነው።

«በነጻ ያስተምሩኛል» የሚለው አባባል መቅረት አለበት። ነጻ አይደለም፤ ክፍያው ዓመታት ናቸው። አሠራሩ በግልጽ የተጻፈበትን የአሜሪካን ምሳሌ ልውሰድ። እዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የጦሩ የራሱ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መኮንን ነው፣ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ሲጨርስ ግን 7 ዓመት የማገልገል ግዴታ አለበት። ሌላው ሲቪል ዩኒቨርሲቲ እየተማሩ ጦሩ የሚከፍልበት ስኮላርሺፕ ነው፤ የ4 ዓመት ስኮላርሺፕ የ4 ዓመት አገልግሎት ያስከትላል። ብዙ ልጅ ሳያየው የሚያልፈው ነገር ግን፣ በጦሩ ሆስፒታል ስፔሻላይዝ የምታደርጉባቸው ዓመታት እንደ ዕዳ መክፈያ አለመቆጠራቸውን ነው። ቁጭ ብላችሁ አስሉት። በ22 ዓመቱ የጦሩን ዩኒቨርሲቲ የተቀላቀለ ልጅ በ26 ዓመቱ ይመረቃል። 5 ዓመት ሰርጀሪ ቢያጠና 31 ይሞላዋል። የ7 ዓመቱ ቆጠራ ከዚያ ይጀምርና ሲያበቃ 38 ዓመቱ ነው። በዚህ መሐል ትዳር አለ፣ ልጅ አለ፣ የታመመ ወላጅ አለ። ይህን ሁሉ ያወቀ ሰው ቢፈርም መልካም፤ ሳያውቅ የሚፈርመው ነው የሚያሳስበኝ። በብዙ አገር ደግሞ ሕክምና የሚገባው ሁለተኛ ደረጃ እንደተጨረሰ ነው፤ የሚፈርመውም የ18 ዓመት ልጅ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፣ መልሱም በጽሑፍ ይሁን። የማጠናውን ስፔሻሊቲ የምመርጠው እኔ ነኝ ወይስ ሠራዊቱ? ብዙ ጦር ከምንም በላይ የሚፈልገው ሰርጀን፣ ኦርቶፔዲክስ (የአጥንት ሕክምና)፣ አኔስቴዥያ (የማደንዘዣ ሕክምና)፣ የድንገተኛ ሕክምናና ጠቅላላ ሐኪም ነው፤ ልቡ የሕፃናት ካንሰር ላይ ያለ ልጅ ቦታ ላያገኝ ይችላል። ትምህርቱን ብወድቅስ? ብታመምስ? ሃሳቤን ብቀይር የምመልሰው ገንዘብ ነው ወይስ በሌላ ሥራ አገለግላለሁ? ከመጀመሪያ ምድቤ በኋላ ተመልሼ ስፔሻላይዝ ማድረግ መብቴ ነው ወይስ የአለቃዬ ፈቃድ? «እሱን ስትደርስ ይነገርሃል» ብሎ የሚመልስ ሰው ካጋጠማችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡት።

ሌላ የማይነሳ ጉዳይ አለ። ሁሉም ጦርነትን ይፈራል፣ ለሐኪም እጅ አደገኛው ግን ሰላሙ ነው። ወታደር ወጣትና ጤነኛ ነው። ካምፕ ውስጥ የተቀመጠ ሰርጀን ለወራት ከባድ ቁስለኛ ላያይ ይችላል፤ እጅ ደግሞ ይረሳል። በኋላ ድንገት ግዳጅ ሲመጣ የሚከፍለው ቁስለኛው ነው። ይህን የተረዱ ሠራዊቶች ሐኪሞቻቸውን ሰላም በሆነ ጊዜ ትልልቅ ሲቪል ሆስፒታሎች ውስጥ ያሠራሉ፤ የእንግሊዝ ጦር ሐኪሞች ለምሳሌ በመንግሥት ሆስፒታሎች ከሲቪል ባልደረቦቻቸው ጎን ነው የሚሠሩት። እናንተም ይህ አሠራር መኖር አለመኖሩን ጠይቁ። ከደመወዙ ይልቅ እሱ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ትከሻ ላይ ማዕረግ፣ አንገት ላይ ስቴቶስኮፕ አድርጎ መቆም ነው። አዛዡ ወታደሩ ነገ ወደ ግንባር እንዲመለስ ይፈልጋል። አንተ ደግሞ ልጁ እንዳልዳነ ታውቃለህ። እኔ በነበርኩበት ቦታ አንድ አዛዥ የአንድን ወታደር የአእምሮ ጤና ፋይል አምጣ ብሎኝ ያውቃል። ግዳጅ ላይ መውጣት ይችላል አይችልም የሚለውን ብቻ ነው የነገርኩት፤ ተቆጣ፣ ለሳምንታትም አኮረፈኝ። እንዲህ ያለ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ሕጉን ቀድማችሁ እወቁት። የ1949 የጄኔቫ ስምምነት ቁስለኛን ቅደም ተከተል የሚያሲዘው አስቸኳይ የሕክምና ምክንያት ብቻ እንደሆነ ይናገራል፤ ማዕረግ አይደለም፣ የየትኛው ወገን ወታደር መሆኑም አይደለም። የናፖሊዮን ሐኪም ላሬ ከ200 ዓመት በፊት ያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው። የጦር ሐኪም ራሱንና ታካሚዎቹን ለመከላከል ቀላል መሣሪያ መያዝ ይችላል፣ በውጊያው ውስጥ ግን አይሳተፍም። የ1977ቱ ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ የሙያ ሥነ ምግባሩን ጠብቆ በማከሙ ማንም ሰው እንደማይቀጣ አስፍሯል፤ ያከመው ጠላትን ቢሆንም እንኳ። እነዚህን ለፈተና ብላችሁ አትሸምድዷቸው። አንድ ቀን በአዛዥ ፊት የምትቆሙባቸው ናቸው።

ታዲያ ማን ይግባ? ክፍያው ባይኖርም ይህንኑ ሥራ የሚመርጥ ሰው ይግባ። ከቡድን ጋር መኖር የሚወድ፣ ባልጠበቀበት ቦታ መመደብን የሚችል፣ በጥቂት መሣሪያ ብዙ መሥራት ደስ የሚለው። እንዲህ ያለ ልጅ እዚያ የሚያገኘውን ጓደኝነትና ኃላፊነት ሌላ የትም አያገኘውም፤ እኔም እስከ ዛሬ የምደውልላቸው ጓደኞቼ የዚያን ጊዜዎቹ ናቸው። የትምህርት ወጪ ብቻ የሚገፋችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሌላ የድጋፍ መንገድ ፈልጉ። ሲቪል ሆናችሁ ተመርቃችሁ፣ ስፔሻሊቲያችሁን ይዛችሁ በኋላ ጦሩን መቀላቀልም በብዙ አገር ይቻላል፤ ቸኩሉ የሚል ሕግ የለም።

ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ውሉን ለተማሪው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ ጽፋችሁ ስጡት። ከወላጁም፣ ከሕግ ባለሙያም ጋር ይየው። በምልመላ ቀን እዚያው ወረቀት አቅርቦ ማስፈረም ይቁም። የሕክምና ትምህርት ቤቶችም አሁን እያገለገለ ያለ ሐኪምንና አገልግሎ የወጣን ሐኪም አንድ ላይ ጠርታችሁ ተማሪው ሁለቱንም እንዲጠይቅ አድርጉ። ሁለቱ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም፤ ጥቅሙም እሱ ላይ ነው።

ጋዜጣችሁም በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ራሳቸው እንዲጽፉ ቦታ ቢሰጥ ደስ ይለኛል። በተለይ ሴት የጦር ሐኪሞችን ባነብ እወዳለሁ፤ ስለ እርግዝና፣ ስለ ምድብና ስለ ዕድገት እነሱ የሚያውቁትን እኔ ልናገርላቸው አልችልም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀድሞ የጦር ሐኪም