ስለ «500 ዋቱ» ፓወር ሰፕላይ፦ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ኮምፒውተር ካስገጠማችሁ ውስጥ ብዙዎቻችሁ ተቀይማችሁናል። «500 ዋት ብላችሁ 450 ሰጣችሁን፣ ያውም በእጥፍ ዋጋ» ተባልን። የብዙ ዓመት ደንበኛችን የሆኑ አንድ ጋሼማ ስልኬን ማንሳት ትተዋል። ፓወሩን፣ ማለትም የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ በሚሆን መልክ ቀይሮ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ቀድመን ሳንነግራችሁ መቀየራችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ። መቀየሩ ግን ጥፋት አይደለም።

እስቲ ያንን የድሮውን 500 ገልብጡና ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ እዩት። 12 ቮልት ከሚለው ሥር 16 አምፒር ይላል። አባዙት፤ 192 ዋት። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም በዋናነት የሚበሉት ከዚህ ከ12 ቮልቱ ነው። አዲሱ 450 እዚያው ቦታ ላይ 37 አምፒር አለው፤ 444 ዋት። ታዲያ ትልቁ የቱ ነው?

«ዋቱ ከበዛ መብራት ይቆጥራል» የምትሉም አላችሁ። አይቆጥርም። ዋቱ መስጠት የሚችለው ጣሪያ ነው፤ ኮምፒውተሩ 200 ከፈለገ የሚሰጠው 200 ነው። ከግድግዳው የሚስበው ግን ይበልጣል፣ ትርፉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ብቃቱ 75 በመቶ የሆነው 267 ገደማ ይስባል፣ 90 በመቶ የሆነው 222። ፓወሩ ላይ «ጎልድ» የሚለው ተለጣፊ የሚያወራው ይህንኑ ብቃት ነው። በቆጣሪ ሂሳብ ዋጋውን ይመልሳል ብዬ ግን አልዋሻችሁም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ስለሚሆነውም ተለጣፊው ምንም አይልም፣ ስታቢላይዘራችሁን እንዳትጥሉ።

እኔ እንጀራ መብላት የጀመርኩት ፓወር እየፈታሁ፣ ያበጠ ካፓሲተር እየቀየርኩ ነው። ባለፈው ክረምት በአንድ ሳምንት ሦስት የተቃጠሉ «500» መጡልኝ። አንዱ ማዘርቦርዱንም ሃርድ ዲስኩንም ይዞ ሄዷል። የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ እዚያ ውስጥ ነበር። ልጅቷ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ስታለቅስ «ዋስትናው አልፏል» ማለት አቃተኝ። ዕቃውን ከኪሴ ተካሁላት። ጽሑፉን ከየት ላምጣው?

ዋጋውን በተመለከተ፣ ምንዛሪው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አስመጪው የሚነግረኝ ዋጋ አንድ ቦታ አይረጋም። የምጠረጠር ከሆነ የገዛሁበትን ደረሰኝ አሳያችኋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ድሮ በዚያ ርካሹ ላይ የማተርፈው ይበልጥ ነበር።

አሁንም ያልተዋጠለት እስከ ወሩ መጨረሻ ይምጣ፣ ብሩን እመልሳለሁ። ብቻ መጀመሪያ ሁለቱን ፓወሮች በግራና በቀኝ እጃችሁ ያዙልኝ። የድሮው እንደ ባዶ ጣሳ ነው የሚቀለው።

ጋሼ፣ ፕሪንተርዎ ተሠርቶ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆነው። መደርደሪያው ላይ ነው፣ አቧራ እንዳይነካው ሸፍኜዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የሱቁ ባለቤት