ማይግሬን የደም ሥር ሕመም ብቻ አይደለም

ይድረስ ለዋና አዘጋጁ፦

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ማይግሬን የወጣው ጽሑፍ ሕመሙን የራስ ደም ሥሮች መስፋት የሚያመጣው አድርጎ መደምደሙ አላረካኝም። ሐሳቡ ለረጅም ዘመን በሐኪሞችም ዘንድ የታመነ ነበርና ጸሐፊውን አልወቅስም፤ ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንማርክ ተመራማሪዎች ሕመሙ የተነሣባቸውን ሰዎች በኤምአርአይ ሲመረምሩ ከራስ ቅል ውጭ ያሉት ደም ወሳጅ ሥሮች አለመስፋታቸውን፣ የውስጦቹም የሰፉት በጥቂቱ ብቻ መሆኑን አይተዋል።

ደም ሥሮቹ በነገሩ የሉበትም ማለቴ አይደለም። አንጎል ራሱ ሕመም የማይሰማው ሲሆን የሚያመው ሽፋኑና በሽፋኑ ላይ ያሉት ደም ሥሮች ናቸው፤ የእነርሱን መልእክት ወደ አንጎል ግንድ (አንጎልን ከኅብለ ሰረሰር ጋር ወደሚያገናኘው ክፍል) የሚያደርሰውም የፊትን ስሜት የሚሸከመው አምስተኛው የራስ ነርቭ ነው። በግንዱ የታችኛው ክፍል ያሉ የነርቭ ሕዋሳት ከደም ሥሩም፣ ከፊት ቆዳም፣ ከላይኛው አንገትም የሚመጣውን መልእክት አንድ ላይ ይቀበላሉ (ብዙ ሕመምተኛ ማጅራቱን ይዞ የሚያማርረውም ለዚህ ነው)። እ.ኤ.አ. በ1998 የማይግሬን ተመራማሪው ራሚ በርስታይንና ባልደረቦቹ በአይጦች የአንጎል ሽፋን ላይ የሚያስቆጣ ኬሚካል ሲያደርጉ፣ እነዚህ ሕዋሳት ቀድሞ እምብዛም ለማይመልሱለት ቀላል የፊት ንክኪ ሳይቀር በብርቱ ይመልሱ ጀመር።

ሕመሙ ሲጠናባት ሹሩባዋን የምትፈታ፣ ጉትቻዋን የምታወልቅ፣ የነጠላዋ ጫፍ ግንባሯን ሲነካት የምትሳቀቅ ሴት በብዙ ቤት አለች፤ ብዙ ጊዜም «አበዛችው» ትባላለች። በቆዳዋ ላይ አንዳች ጉዳት የለም፤ የተቆጡት የአንጎል ግንዷ ሕዋሳት ናቸው።

ጽሑፉ ይህን መዝለሉ የሚጎዳው በሕክምናው ላይ ነው። እንደ ሱማትሪፕታን ያሉት የማይግሬን መድኃኒቶች መልእክቱ ከነርቩ ወደ ግንዱ ሕዋሳት እንዳይሻገር ያግዳሉ እንጂ፣ አንዴ ተቆጥተው በራሳቸው መልእክት መላክ የጀመሩትን ሕዋሳት ማብረድ እምብዛም አይሆንላቸውም። የበርስታይን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጥናት፣ ንክኪ ማሳመም ከመጀመሩ በፊት መድኃኒቱን የወሰዱት ሕመምተኞች ከዘገዩት ይልቅ ከተነሣባቸው ሕመም ፈጽሞ የመገላገል ዕድላቸው የሰፋ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን «ትንሽ ልየው፣ ካልተወኝ እውጣለሁ» ማለት የተለመደ ነው፤ ዓምዳችሁም በዚህ ላይ አንድ ቃል አልጨመረም።

ቀድሞ መዋጥ ሲባል ዘወትር መዋጥ ማለት እንዳልሆነም መነገር ነበረበት። እነዚህን መድኃኒቶች በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ፣ እንደ ፓራሲታሞል ያሉትን ደግሞ 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ ራሱን የቻለ ሌላ ራስ ምታት ሊያመጣ ስለሚችል፣ እዚህ የደረሰ ሰው ክኒኑን ከመጨመር ይልቅ ሐኪሙን ቢያማክር ይሻለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊዚዮሎጂ መምህር