«እኔ እንኳን ብዙም አላውቅም፣ ግን…»፦ የንባብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የንባብ ክበብ ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሥራ ሲጀምር ዕቅዱ አጭር ነበር፤ በየ15 ቀኑ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ መሰብሰብ፣ አንድ መጽሐፍ ይዞ መክረም፣ ከዚያ በመጽሐፉ ላይ አስተያየት መስጠት። ማንበቡ ብዙ አላስቸገረም። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሜዳ ላይ ስለማያስቀምጥ፣ ደሴ ላይ ቤተ መጻሕፍት ሰው አያጣም። ያስቸገረው የመጨረሻው ነው። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ተማሪ «እንዴት አገኘኸው?» ሲባል «ጥሩ ነው» ብሎ ቁጭ ይላል። ቀጥላ የተጠየቀችው «እኔም እንደሱ» ትላለች። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ሰዓቱ አልቋል። የተነበቡት መጻሕፍት ዝርዝር ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ስለተለጠፈ እዚህ አንደግመውም፤ ይህ ዘገባ ስለዚያ «ጥሩ ነው» ነው።

መጀመሪያ የመሰለን የንባብ ድክመት ነበር። እንዳልሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀም፤ እነዚያው ልጆች ከበር ሲወጡ ስለ መጽሐፉ በደንብ ይከራከራሉ። ክብ ሠርተው ሲቀመጡ አፋቸውን የሚይዛቸው ይሉኝታ ነው። «ዝም አይነቅዝም» እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ታላቅ ባለበት ቀድሞ መናገርን እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል። ሌላው ምክንያት ከእኛ ከመምህራን የመጣ ነው። በአማርኛ ፈተና ላይ «የደራሲው ዋና መልእክት ምንድን ነው?» ብለን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እየደረደርን ኖረናል። ስለዚህ ተማሪው አስተያየትም አንድ ትክክለኛ መልስ ያለው፣ መልሱም መምህሩ ኪስ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። እንዲህ ላለ ልጅ «አይዞህ፣ በራስህ ተማመን» ማለት እምብዛም አይረዳውም። ኅዳርን ሙሉ ብለነዋል፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ለውጥ የመጣው ልጆቹ የሚናገሩበትን መንገድ አንድ በአንድ መጻፍ ስንጀምር ነው። አስተያየት የሚሰጥ ሁሉ ማለት ይቻላል በማመካኛ ይጀምራል። «እኔ እንኳን ብዙም አላውቅም፣ ግን…»፣ «ተሳስቼ ሊሆን ይችላል…»፣ «በእኔ ደካማ አስተያየት…»፣ «ይቅርታ አድርጉልኝና…»። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም እንዲሉ፣ ተናጋሪዋ ራሷ አስቀድማ ያጣጣለችውን ሐሳብ አድማጭ ከፍ አድርጎ እንዲይዝላት መጠበቅ ከባድ ነው። አድማጩ ይዘናጋል፤ ተናጋሪዋ መዘናጋቱን ታያለች፤ «ድሮም አውቄው ነበር» ትልና ለሚቀጥለው ጊዜ ማመካኛውን ታረዝመዋለች።

ሆኖም ማመካኛ ሁሉ አንድ አይደለም። «እስከ ምዕራፍ 9 ብቻ ነው ያነበብኩት» ወይም «ይህ ቃል አልገባኝም» ማለት ለአድማጩ መረጃ ነው። «ተሳስቼ ሊሆን ይችላል» ግን ምንም አይነግረውም፤ ማንም ሰው ሊሳሳት ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ክበቡ የሚጠቀምበት መፈተኛ ይህ ነው፦ ማመካኛውን በእስክሪብቶ ሰርዞ የቀረውን ጮክ ብሎ ማንበብ። ትርጉሙ ካልተለወጠ የተሰረዘው ይሉኝታ ነበርና ይጣላል። ከተለወጠ ይመለሳል፤ የሚመለሰው ግን ወደ መጀመሪያ ሳይሆን ወደ መጨረሻ ነው። ሐሳቡ ይቅደም፣ ወሰኑ ይከተል።

ታኅሣሥ ላይ ካርድ ጀመርን። አንድ ኤ4 ወረቀት በአራት ተቆርጦ አራት ካርድ ይወጣዋል። ያገለገለ ክላሰር ከተገኘ ይበልጥ ጥሩ ነው፤ እጅ ውስጥ አይጨማደድም። በካርዱ ላይ የሚጻፈው አራት መስመር ነው። አንደኛው የመጽሐፉ ስምና እስከ የት እንደተነበበ። ሁለተኛው መጽሐፉ ውስጥ የታየ አንድ ነገር፣ ከነምዕራፉና ከነገጹ፤ ገጽ ብቻ አይበቃም፣ ኅትመቱ ከተለያየ ገጹ ስለማይገጥም ጓደኛሞች በከንቱ ይጨቃጨቃሉ። ሦስተኛው አንባቢው ስለዚያ ነገር የሚፈርደው። አራተኛው እርግጠኛ ያልሆነበት ጉዳይ፣ በጥያቄ መልክ። ጊዜው 10 ደቂቃ ነው። በ5 ደቂቃ የሞከርን ጊዜ «ጥሩ ነው» ተመልሶ መጣ፤ 20 ስንሰጥ ደግሞ ከጎን መቅዳትና መሰረዝ በዛ። የመጀመሪያዎቹን 4 ደቂቃዎች መጽሐፉ ተዘግቶ መጻፍ ግዴታ ነው። ተከፍቶ ከሆነ የጀርባ ሽፋኑ ላይ ያለው ምስጋና በሙሉ ወደ ካርዱ ይገለበጣል። ሳይከፍቱ የሚታወሰው ነገር የአንባቢው የራሱ ነው፤ ገጹን ፍለጋ በኋላ ይደረሳል። እርሳስ አይፈቀድም፤ እርሳስ የያዘ ልጅ 10ሩን ደቂቃ ሲያጠፋ ይጨርሰዋል።

አንድ ካርድ ቀረብ ብለን እንይ። መጽሐፉ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ሲነበብ የኖረ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ያላነበበው ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው መጽሐፍ ነውና በእሱ ላይ አስተያየት መስጠት ያስፈራል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ዋናው ገጸ ባሕርይ ስለ በዛብህ እንዲህ ጻፈች፦ «እኔ እንኳን ብዙም አላውቅም፣ ግን በዛብህ ትንሽ ፈሪ ይመስለኛል፤ ይቅርታ።» በአንዲት መስመር ውስጥ አራት ጋሻ አለ፦ «ብዙም አላውቅም»፣ «ትንሽ»፣ «ይመስለኛል»፣ «ይቅርታ»። ሲሰረዙ የቀረው «በዛብህ ፈሪ ነው» የሚል ሆነ። ይህን ጮክ ብላ ስታነብ ራሷ ደነገጠች፤ እንዲህ ለማለት አላሰበችም ነበር። ጓደኛዋ «የት ላይ?» ብላ ጠየቀቻት። ገጹን ፍለጋ ስትገባ በዛብህ ገና በልጅነቱ በወላጆቹ ስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ መሆኑ ጋ ደረሰች፤ ሁለተኛው ካርድ ከዚያ ወጣ፦ «በዛብህን ከሰው ይልቅ የሚያስፈራው ወላጆቹ የተሳሉት ስእለት ነው። የተሳለው እሱ አይደለም። እንዲህ ያለው ፍርሃት ይባላል ወይስ ሌላ ስም አለው?»

ጥርጣሬዋ ሁለተኛው ካርድ ላይም አለ። መጀመሪያ የተጠራጠረችው ራሷን ነበር፤ በኋላ «ፈሪ» የሚለውን ቃል ተጠራጠረች። ዓመቱን ሙሉ ስንፈልገው የነበረው ይህን ነበር ማለት ይቻላል። ደግሞም ያለ መጀመሪያው ካርድ ሁለተኛው አይገኝም፤ ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ መርፌ ቁልፍ አያይዘን እናስቀምጣለን።

ውይይቱን በሦስት ዙር ከፍለን ስሙን ከቡና ወሰድን። አቦል ላይ እያንዳንዱ ሰው ካርዱን በ1 ደቂቃ ያነባል፤ ማንም አይመልስም። ቶና ላይ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «የት ላይ?»፣ «ምን ማለትሽ ነው?»፣ «ሌላ ቦታስ አይተሃል?»። «ግን አይመስልሽም…?» ብሎ መጠየቅ አይፈቀድም፤ ያ ጥያቄ የለበሰ ክርክር ነው። በረካ ላይ መቃወም ይቻላል፤ ተቃዋሚው ግን አስቀድሞ የሌላውን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ መድገም አለበት። በአንድ ክብ ከ7 ሰው በላይ ከሆነ ቶና ያልቃል፣ በረካ ሳይጠጣ ይመሻል፤ 8ኛ ሰው ከመጣ ክቡን ለሁለት እንከፍላለን። ካርድ መጻፉን ጨምሮ ሁሉም ከ50 ደቂቃ አያልፍም።

ተራው በዕጣ ነው። ዝምተኛውን በግድ ማስጀመር ክፉ ነው፤ ተናጋሪውን ማስጀመር ግን ይብሳል፤ ከእሱ በኋላ የሚመጡት ሁሉ ካርዳቸውን ያሳጥራሉ። መምህር ከተማሪ ፊት አይናገርም፣ ራሱንም አይነቀንቅም። መምህሩ ራሱን ነቀነቀ ማለት ነጥብ ሰጠ ማለት ነው፤ ልጆቹ የሚያዩት እሱን ነው። (ይህን ደንብ በተደጋጋሚ የጣስነው እኛው ነን።) ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ። ካርዱ ተነቦ ሲያበቃ የሚሰፍነው የ10 ሰከንድ ጸጥታ ለአንባቢዋ ንቀት ይመስላታል። እውነቱ ግን ሌሎቹ ገጹን እየፈለጉ ነው። ይህን ከመጀመሩ በፊት አንድ ጊዜ መናገር ብዙ ልብ ያሳርፋል።

ያልሠሩ ነገሮችም ነበሩ። ስም የማይጻፍበት የአስተያየት ሣጥን አንድ መንፈቀ ዓመት ቆይቶ ተነሣ፤ ድፍረቱ መጣ፣ ስድቡም አብሮ መጣ፤ ዋናው ችግር ግን ባለቤቱ የማይታወቅን ሐሳብ «የት ላይ?» ብሎ መጠየቅ አለመቻሉ ነው። ማን ስንት መጽሐፍ እንዳነበበ የሚያሳየው የግድግዳ ሠንጠረዥም ወረደ፤ ጥቂት ያነበቡት «እነ እንትና እያሉ እኔ ምን አገባኝ» ማለት ጀምረው ነበር። ከ10 ስንት ይገባዋል የሚለው ነጥብ አሰጣጥ ሁሉንም መጽሐፍ 8 አደረገው። ጭብጨባንም አስቀርተናል፤ ለአንዱ ደምቆ ለሌላው ሲቀዘቅዝ ልጅ ይሰበራል።

የካቲት ላይ በልግ ሲገባ ሳይታሰብ አንድ ጥሩ ነገር ተገኘ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጎን ለጎን የተቀመጡት እንኳ መደማመጥ አቃታቸው። ሐሙሱ እንዳይባክን ካርዶቹን ወደ ቀኝ አዟዟርን፤ እያንዳንዱ በደረሰው ካርድ ሥር በ3 ደቂቃ አንድ መስመር ጽፎ ያሳልፋል። ዓመቱን ሙሉ በረካ ላይ አንድ ቃል ያልወጣቸው ልጆች የዚያን ቀን አንድም ካርድ ሳይጽፉበት አላሳለፉም። ከዚያ ወዲህ ከሦስት ስብሰባ አንዱ፣ ዝናብ ኖረም አልኖረም፣ በዝምታ ይካሄዳል። አደጋው ብዕር ከአፍ ይልቅ ስለታም መሆኑ ነው፤ ሦስት ቃለ አጋኖ የተደረደረበት «አልስማማም!!!» ደርሶናል። ደንቡ እዚያም ያው ነው፤ ምዕራፍና ገጽ የሌለው መስመር አይቆጠርም።

መጽሐፍ አለመውደድን መናገር ለብቻው የሚያስጨንቅ ጉዳይ ነው። «አልወደድኩትም» የተፈቀደ ቃል ነው፤ ነገር ግን ያቆሙበት ቦታ አብሮ ይጻፋል። ብዙዎች የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚሉት፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተራ ሲደርሰው ማንም ደፍሮ «ከበደኝ» አላለም። ያቆሙበት ቦታ ሲጻፍ ግን ካርዶቹ ተቀራራቢ ቦታ ላይ ተገናኙ፤ ረጃጅሞቹ ዓረፍተ ነገሮች ላይ። እያንዳንዱ ልጅ የራሴ ድንቁርና ነው ብሎ የደበቀው ነገር የጽሑፉ ጠባይ ሆኖ ተገኘ። ያንን ክፍል በጋራ ጮክ ብለን ስናነበው ቀለለ፤ ለጆሮ የሚስማማ አማርኛ ነው።

በአንድ ዴስክ ላይ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ በሚቀመጥበት በወሎ ትምህርት ቤት ሌላም ዝምታ አለ። ገጸ ባሕርይው ቄስ ወይም ሼህ ሲሆን ልጆቹ ለጓደኛቸው ሲሉ ዝም ይላሉ። ይህ ጨዋነት ነውና ልናስጥላቸው አልፈለግንም። የምንጠይቀው ፍርዱ ከድርጊቱ እንዳያልፍ ብቻ ነው፤ «ቄሶች እንዲህ ናቸው» ሳይሆን «እኚህ ሰው በዚህ ምዕራፍ ይህን አደረጉ»።

ከሚያዝያ ጀምሮ የተመረጡ ካርዶች አድገው በሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት ተነበዋል። 3 ደቂቃ በሰዓት ሲያዝ ወደ 250 ቃል ነው፤ በደብተር ሁለት ገጽ ያህል። ወረቀቱ ክላሰር ላይ ይለጠፋል፤ ካልተለጠፈ እጅ ሲንቀጠቀጥ ድምፁ ማይክ ውስጥ ይገባል። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ይርቃል። ድምፅ የሚርበተበተው የመጀመሪያው እስትንፋስ ላይ ስለሆነ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በቃል ይያዛል። እሱም ረጅም ሰላምታ ሳይሆን ከመጽሐፉ የተወሰደ አንድ ትዕይንት ይሁን። ካነበቡ በኋላ አስተያየት የሚጠየቀው አስቀድሞ ከተመረጠ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጥያቄውም አንድ ነው፦ «የት ላይ ጠፋሁብህ?»

ትልቁ ፍርሃት ግን ከንባቡ በፊት አይደለም፤ ማታ ነው። ብዙዎቹ በማግስቱ ጠዋት «ካርዴን መልሱልኝ፣ ሞኝነት ነው የጻፍኩት» እያሉ መጥተዋል። 2 ቀን ሳይሞላው ካርድ አይመለስም። 2 ቀን ሲሞላ የፈለገ ጀርባው ላይ ቀን ጽፎ ሐሳቡን ይለውጣል፤ ፊቱን መሰረዝ ግን አይችልም። አብዛኞቹ 2 ቀን ሲሞላ ረስተውታል።

ለመጪው ዓመት የሚያስፈልገን ጥቂት ነው። ሁለት እሽግ ወረቀት፣ አንድ የጠረጴዛ ሰዓት፣ ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ቢያንስ አራት ቅጂ፤ አንድ ቅጂ ብቻ ካለ «የት ላይ?» ሲባል መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቶናው ይቀዘቅዛል። የዘንድሮ ካርዶች በመጽሐፍ ስም ተለይተው በብስኩት ካርቶን ውስጥ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ዘንድ አሉ፤ ማንም ተማሪ ጠይቆ ማየት ይችላል። ምዝገባ መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው። ለመመዝገብ በክረምቱ በተነበበ በማንኛውም መጽሐፍ ላይ የተጻፈ አንድ ካርድ ይዞ መምጣት ይበቃል። «እኔ እንኳን ብዙም አላውቅም» የሚል ካለበትም ይዛችሁ ኑ፤ እስክሪብቶ እኛ ጋ አለ።