ከሐውልቱ በፊት ስማቸው ይሰብሰብ

ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ባሕር ዳር

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

የታሪክ መምህር ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ሞጣ አካባቢ ነው። የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ክፍል ውስጥ ከአንድ ክፍለ ጊዜ አያልፍም። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ፤ ገበሬው «መሬቴን በቀላድ ለክተው ርስቴን ሊነጥቁኝ ነው» ብሎ ሸፈተ፤ ሞጣና ዳሞት ላይ ጦርና አውሮፕላን ዘመተ፤ በኋላ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። ከዚያ ደወል ይደወላል።

ቤታችን ግን እንዲህ ቶሎ አያልቅም ነበር። አያቴ እስክትሞት ድረስ እንጀራ የምትጋግረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ፀሐይ ከወጣ ምጣዱን አትጥድም። «ጢስ ካየ ይመጣል» ትላለች፤ አውሮፕላኑን ነው። ልጆች ሳለን እንስቅባት ነበር። ዛሬ የሚስቅባት አይገኝም።

ለአመፁ ሟቾች ሐውልት ይሠራልን ስል ጠመንጃ ያነገተ ሰው በፈረስ ላይ ይቁምልን ማለቴ አይደለም። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳው በሟቾች ፎቶግራፍ የተሞላ ነው። የእኛ ሟቾች አብዛኞቹ በዕድሜያቸው ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። የቀራቸው ስማቸው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ክረምት ክረምት እየዞርኩ ስሰበስብ አንድ አረጋዊ ቄስ ዘንድ ደረስኩ። «ወልደ ሚካኤል፣ ኃይለ ማርያም፣ ወልደ ሥላሴ…» ብለው ቆጠሩልኝ። በጸሎት የሚያስቧቸው በክርስትና ስማቸው ነዋ! ጎረቤት ደግሞ የሚያውቃቸው በዓለም ስማቸው ነው። የትኛው ወልደ ሚካኤል የትኛው ሰው እንደሆነ ለማገናኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ አንዱን እስካሁን አላገኘሁትም። ድንጋዩ ላይ ሁለቱም ስም ጎን ለጎን ይጻፍ የምለው ለዚህ ነው። ከመንግሥት ወገን የወደቁት ፖሊሶችም አይዘለሉ፤ እነሱም እናት አላቸው።

ደብተሬን ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። «ማስረጃ በደብዳቤ ይቅረብ» ተባልኩ። ማን ይጻፍልኝ? ሟቹ?

«ከሽፎ የቀረ አመፅ ምኑ ይዘከራል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ግብሩ ቢቀርላቸውም ሥርዓቱ አልተነቀነቀም። የሞቱለት ርስትም ከ7 ዓመት በኋላ በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ርስትነቱ ቀረ። አይለካም ያሉት መሬት ዛሬ ተለክቶ የልጅ ልጆቻቸው የይዞታ ደብተር ይዘውበታል። እኔን ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የጎጃም ሰው አያት ቅድመ አያቱን ይቆጥር የነበረው ለወግ ብቻ አልነበረም፤ ርስት የሚገኘው በዘር ቆጠራ ስለነበረ ነው። ርስቱ ሲቀር ቆጠራውም ላላ። ተማሪዎቼን የአያታችሁን አባት ጥሩልኝ ብላቸው ግማሹ ጣራ ጣራ ያያል።

በአመፁ ዓመት የ20 ዓመት ጎረምሳ የነበረ ዛሬ 78 ዓመቱ ነው። ስለዚህ በጀቱ ለሐውልት ባይበቃ አልቀየምም፤ ድንጋይ ይጠብቃል። አሁን የምለምናችሁ መቅረፀ ድምፅ የያዙ ጥቂት ልጆች በየደብሩና በየገበያው እንዲወጡ ነው። የይዞታ ደብተር መዝገቡም በየቀበሌው ስላለ ቤተሰብ ለማፈላለግ ይረዳል። ሐውልቱ የት ይቁም የሚለውን ሽማግሌዎቹ ይምከሩበት።

እኔ የሞላሁት ሁለት ደብተር ነው። ማስረጃ የተባልኩ ጊዜ ደንግጬ ፎቶ ኮፒ አስነሥቼዋለሁ። መንገዱ ሲከፈት አንዱን ይዤላችሁ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሞጣ መምህር